የኮርኒስ ኢንሱሌሽን ስንት ይበቃል? ለክቶና አስልቶ መወሰን

ከኮርኒስ በላይ በሚነጠፍ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከል ንጣፍ)፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኢንቾች የሚያድኑት ገንዘብ በኋላ የሚደረቡት ሁሉ ተደምረው ከሚያድኑት ይበልጣል። ስለዚህ «ስንት ልጨምር?» ከማለት በፊት «አሁን ስንት አለኝ?» ብሎ መለካት ያስፈልጋል። እዚህ ለምሳሌ የያዝነው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በብዛት የሚገኘውን ዓይነት ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ድራይዎል (የጀሶ ሰሌዳ) ሆኖ ከላዩ ሰው የማይኖርበት አቲክ (በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለ ቦታ) ያለው። ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ቁጥሮቹን ብቻ ይቀይራል፤ ስሌቱ ያው ነው።

አር ቫልዩ

ኢንሱሌሽኑ በሚሸጥበት ከረጢት ላይ በትልቁ የሚጻፈው አር ቫልዩ፣ ዕቃው ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከልበት አቅም ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መከላከሉም ይጨምራል። ድርብርብ ሲሆን ይደመራል፤ አር-11 ባለበት ላይ አር-38 ቢነጠፍ አር-49 ይሆናል። አቅሙን የሚሰጠው በዋናነት በጭረቶቹ መካከል ረግቶ የተያዘው አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀው በድርብርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ እንደሆነ ሁሉ፣ ኢንሱሌሽንም ሲጨፈለቅ፣ ሲረጥብ ወይም ነፋስ በውስጡ ሲመላለስ አቅሙን ያጣል።

በአንድ ኢንች ውፍረት የሚገኘው አቅም እንደ ዕቃው ይለያያል። ተጠቅልሎ የሚሸጠው የፋይበርግላስ ባት ከ3.1 እስከ 3.4 ይሰጣል። በማሽን የሚነፋ ፋይበርግላስ ከ2.2 እስከ 2.7፣ ከወረቀት የሚሠራው ሴሉሎዝ ደግሞ ከ3.2 እስከ 3.8 ይደርሳል። የሚኒራል ዎል ባት 4 ገደማ ነው። ጠጣር የፎም ሰሌዳና የሚረጭ ፎም በአንድ ኢንች ከ5 በላይ የሚሰጡ ዓይነቶች አሏቸው፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ስለሆነ ቦታ በሚጠብበት ስፍራ እንጂ ሰፊ አቲክ ላይ አይመከሩም።

ያለዎትን መለካት

ማለዳ፣ አቲኩ ሳይግል ይውጡ። በበጋ ከቀትር በኋላ አቲክ ውስጥ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ስለሚሆን ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ኤን-95 ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ እጀ ረጅም ልብስና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያስፈልጋል። የሚረገጠው ጆይስት የሚባሉት ተሸካሚ እንጨቶች ላይ ብቻ ነው። በሁለት ጆይስት መካከል ያለው ድራይዎል ሰው አይችልም፤ ሰፋ ያለ ጣውላ ይዘው ይውጡና እየተሻገሩበት ይሥሩ።

ማስመሪያውን ኮርኒሱ እስኪነካ አስገብተው ቢያንስ ስድስት ቦታ ይለኩ፤ መሃል ላይ፣ በአራቱ ማዕዘን፣ ወደ አቲኩ በሚያስወጣው ክዳን (በመውጫው) አጠገብ። አማካዩን ከላይ ባለው ቁጥር ያባዙ። 3.5 ኢንች የፋይበርግላስ ባት አር-11 ገደማ ነው፤ በአሮጌ ቤቶች የተለመደው ይህ ነው። የተጨፈለቀ ወይም አይጥ የተመላለሰበት ከሆነ ዝቅተኛውን ቁጥር ይውሰዱ።

ሥራውን የሚያስቆሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ትንንሽ ጠጠር የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ወይም ወርቃማ ቡናማ ኢንሱሌሽን ነው። ይህ ቨርሚኩላይት ይባላል። በአሜሪካ የተሸጠው አብዛኛው ቨርሚኩላይት የወጣበት የሊቢ፣ ሞንታና ማዕድን እስከ 1990 ሲሠራ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነበር። እንዳይነኩት፣ እንዳይጠርጉት፤ አስቤስቶስ እንዳለበት ቆጥረው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ሁለተኛው፣ ሽቦው በነጭ የሸክላ መያዣዎች ላይ ተዘርግቶ የሚሄድ የድሮ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሙቀቱን ወደ አየር እንዲለቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከተሸፈነ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ሦስተኛው የሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ መጀመሪያ ጣሪያው ይጠገን።

ስሌቱ

የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሆነው ኢነርጂ ስታር አገሪቱን በአየር ጠባይ ቀጠና ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ሂውስተን ቀጠና 2፣ አትላንታና ዳላስ 3፣ ዲሲና ሲያትል 4፣ ዴንቨር 5፣ ሚኒያፖሊስ 6 ናቸው። ምንም ለሌለው አቲክ በቀጠና 2 እና 3 አር-49፣ ከ4 ጀምሮ እስከ 8 አር-60 ይመከራል። ከሦስት እስከ አራት ኢንች ቀድሞ ካለ የሚጨመረው በቀጠና 2 እና 3 አር-38፣ ከ4 ጀምሮ አር-49 ነው።

ምክሩ ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም በእርስዎ ቤት የትኛው እርከን ምን ያህል እንደሚያድን የሚያሳየው ስሌት ነው። በኮርኒሱ በኩል በዓመት የሚወጣው ሙቀት እንዲህ ይሰላል፦ የኮርኒሱ ስፋት በስኩዌር ፊት፣ ሲባዛ በ24፣ ሲባዛ በአካባቢው የብርድ ድምር፣ ሲካፈል ለአር ቫልዩ። ውጤቱ ቢቲዩ በሚባለው የሙቀት መለኪያ ነው። የብርድ ድምሩ በዓመት ውስጥ የየቀኑ ቅዝቃዜ ተደምሮ የሚገኘው፣ ሂቲንግ ዲግሪ ዴይ የሚባለው ቁጥር ሲሆን ለዲሲ አካባቢ 4,000 ገደማ ነው።

ኮርኒሱ 1,000 ስኩዌር ፊት፣ ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) በጋዝ የሚሠራና ብቃቱ 80 በመቶ ይሁን። ጋዝ የሚለካበት አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱን ለ0.80፣ ከዚያም ለ100,000 ያካፍሉ። በአር-11 በኮርኒሱ የሚወጣውን ሙቀት ለመተካት በዓመት 109 ቴርም ይቃጠላል። በአር-19፣ 63። በአር-38፣ 32 ገደማ። በአር-49፣ 24.5። በአር-60፣ 20።

ከአር-11 ወደ አር-49 መውጣት በዓመት 84 ቴርም ተኩል ያህል ያድናል። ከአር-49 ወደ አር-60 መውጣት የሚያድነው አራት ቴርም ተኩል ብቻ ነው። የጋዝ ቢልዎን ያውጡ፤ የጋዙን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማድረሻውን ክፍያም ደምረው ለቴርሙ ብዛት ያካፍሉ። አንድ ቴርም 1.50 ዶላር ቢወጣ፣ የመጀመሪያው እርከን በዓመት 127 ዶላር ገደማ፣ የሁለተኛው ወደ 7 ዶላር ይሆናል። የሚያስፈልገውን ዕቃ ዋጋ ለዚህ ቁጥር ቢያካፍሉ ወጪው በስንት ዓመት እንደሚመለስ ያገኛሉ። ቤቱ በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚሞቅ ከሆነ የመጀመሪያው እርከን 1,980 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያድናል፤ ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ የሚያስገባ ማሞቂያ) ከሆነ የተሻለ ብቃት ስላለው ቁጠባው ወደ 790 ይወርዳል። ሚኒያፖሊስ የብርድ ድምሩ የዲሲን እጥፍ ስለሚጠጋ ቁጠባውም እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በበጋ ለማቀዝቀዣ የሚድነው ከዚህ ውጭ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው ይህ ነው። በዲሲ አካባቢ ከአር-19 በታች ያለው ቤት ሳይዘገይ መጨመር አለበት። ማሽን ተከራይተው፣ አቧራውን ችለው አንዴ ከወጡ እስከ አር-60 ለመድረስ የሚጨመረው የከረጢት ዋጋ ብቻ ስለሆነ ቦታ ካለ ይድረሱ። ቦታ ከጠበበ ወይም ኮርኒሱ ክብደት የማይችል ከሆነ አር-49 ላይ መቆም ጥፋት አይደለም፤ ከ2021ዱ የግንባታ ኮድ በፊት ለዚህ ቀጠና የተጻፈው ቁጥርም እሱ ነበር። ቀድሞውኑ አር-38 ያለው ሰው ግን ገንዘቡን ከረጢት ላይ ሳይሆን ቀጥሎ ባለው ሥራ ላይ ያውል።

መጀመሪያ ቀዳዳውን መድፈን

በብርድ ጊዜ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይገፋና ባገኘው ሽንቁር ሁሉ ወደ አቲክ ይወጣል። የሚነጠፍ ፋይበርግላስና ሴሉሎዝ ይህን አየር አያቆሙም፤ እንደ ወንፊት ያሳልፉታል። ከፋይበርግላስ ባት ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ አየር ሲያልፍ የተወው አቧራ ነው፣ ከሥሩ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

አየሩ ብቻውን አይወጣም፤ እንፋሎት ይዞ ነው። ኢንሱሌሽን በጨመሩ ቁጥር አቲኩ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን ከተጨመረ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው የጣሪያ ጣውላ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ከጊዜ በኋላ ሻጋታ ያወጣል። እንጀራ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚጋገርበት፣ ወጥ ለረጅም ሰዓት በሚንተከተክበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የማእድ ቤቱ ማራገቢያም ሆነ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ቱቦ ከቤት ውጭ መድረስ አለበት። አቲክ ውስጥ ተከፍቶ የቀረ ቱቦ በብዛት ያጋጥማል፤ ሳይስተካከል ኢንሱሌሽን አይነፋበት።

የሚደፈኑት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የፍሳሽ ቱቦ የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ፣ ሽቦ የገባበት ብስ፣ የግድግዳው አናት ከድራይዎሉ የሚጋጠምበት ደርዝ፣ የመብራት ሳጥኖች ዙሪያ፣ ከካቢኔት በላይ ያለ ባዶ ቦታ። እስከ ሩብ ኢንች ያለውን በኮልክ (ተጨምቆ ስንጥቅ የሚሞላ ማሸጊያ)፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ ሦስት ኢንች ያለውን በጣሳ በሚሸጥ ፎም ይሙሉ። ከዚያ የሚሰፋውን በፎም ሰሌዳ ቆርጠው ይክደኑና ጠርዙን በፎም ያሽጉ።

የጭስ ማውጫው ግን ለብቻው ነው። ፎም እሳት ስለሚይዝ እዚያ አይገባም። ዙሪያውን በላሜራ ከድነው ሙቀት በሚችል ኮልክ ያሽጉት፤ ከዚያ ኢንሱሌሽኑ እንዳይነካው የላሜራ አጥር ይሥሩለት። ድርብ ግድግዳ ላለው የጋዝ ማስወጫ ቱቦ ብዙውን ጊዜ አንድ ኢንች፣ ለጡብ ጭስ ማውጫ ሁለት ኢንች ክፍት ቦታ ይተዋል፤ በቱቦው ላይ የተጻፈ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ይከተሉ። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ መብራቶች ላይ «አይሲ» የሚል ጽሑፍ ከሌለ አይሸፈኑም፣ በዙሪያቸውም ሦስት ኢንች ይተዋል። የሚሻለው አየር በማያሳልፍ የኤልኢዲ መብራት መለወጥ ነው።

ቤቱ ከታሸገ በኋላ በተፈጥሮ ግፊት ጭስ የሚያወጣ የውሃ ማሞቂያ ወይም ፈርነስ ካለ ጭሱ ወደ ቤት እንዳይመለስ በባለሙያ ያስፈትሹ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየፎቁ ይኑር። ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

የትኛው ዕቃ

ለአብዛኛው ሰው የሚነፋው ይሻላል፤ በሽቦና በቱቦ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላልና። ሴሉሎዝ በአንድ ኢንች የተሻለ አቅም አለው፣ ግን ይከብዳል። አሥራ አራት ኢንች ሴሉሎዝ በስኩዌር ፊት ሁለት ፓውንድ ሊጠጋ ይችላል። ጆይስቶቹ በ24 ኢንች ርቀት ሆነው ተራ ግማሽ ኢንች ድራይዎል ከተመታባቸው፣ የሚፈቀደው ክብደት በስኩዌር ፊት 1.3 ፓውንድ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ኮርኒሱ ቀስ በቀስ ሆድ ያወጣል። በ16 ኢንች ርቀት ከሆነ 2.2 ፓውንድ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በጆይስቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። 24 ከሆነ የሚነፋ ፋይበርግላስ ይምረጡ።

ባት የሚመርጥ ሰው ሁለት ስሕተት ይጠብቀዋል። አንደኛው መጨፍለቅ ነው፦ 6.25 ኢንች የሆነ አር-19 ባት በ3.5 ኢንች ቦታ ቢጠቀጠቅ አር-13 ብቻ ይሰጣል፤ የከፈሉበት ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከሥር ባዶ ቦታ መተው ነው። ጆይስቱ 5.5 ኢንች ሆኖ ውስጡ ያለው አሮጌ ባት 3.5 ከሆነ፣ አዲሱን ተሻጋሪ አድርገው ቢያነጥፉ ከሥሩ የሁለት ኢንች መተላለፊያ ይቀራል፤ አየር እዚያ ይመላለሳል። መጀመሪያ ጉድጓዱን እስከ ጆይስቱ አናት ይሙሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ጆይስቱን አቋርጠው ያንጥፉ። አሮጌው ላይ የሚደረበው ወረቀት የሌለው ባት መሆን አለበት፤ ወረቀት መሃል ከገባ እንፋሎት ይታገድበትና ይረጥባል።

ስንት ከረጢት

በከረጢቱ ጀርባ ገበታ አለ። ዒላማው አር ቫልዩ፣ ለ1,000 ስኩዌር ፊት የሚያስፈልገው የከረጢት ብዛትና ከረጋ በኋላ የሚኖረው ውፍረት ተጽፎበታል። የሚፈልጉት መስመር የሚጨምሩት ቁጥር ያለበት ነው፤ አር-11 ካለዎትና ዒላማዎ 49 ከሆነ አር-38 የሚለውን ያነባሉ። ገበታው 45 ከረጢት ቢል፣ 860 ስኩዌር ፊት ላለው ኮርኒስ 45 ሲባዛ በ0.86፣ 39 ከረጢት ይሆናል። ሁለት ከረጢት አስበልጠው ይግዙ፤ ሳይከፈት የተረፈውን ብዙ መደብሮች ይመልሳሉ። ውፍረቱ በሴሉሎዝ 11 ኢንች፣ በሚነፋ ፋይበርግላስ 15 ኢንች ገደማ ነው።

ውፍረቱን ብቻ አይመኑ። ማሽኑ ብዙ አየር ከሰጠ ዕቃው እንደ አረፋ ይነፋና ልኩ የደረሰ ይመስላል፤ በኋላ ግን ረግቶ ይወርዳል። ውፍረቱ ደርሶ ግማሹ ከረጢት ገና ካልተከፈተ የጠፋ ነገር አለ፤ አየሩን ይቀንሱ። ሁለቱም፣ ውፍረቱም ከረጢቱም፣ መግጠም አለባቸው።

አነፋፉ

የጣሪያው ጠርዝ ላይ ባሉት የአየር ማስገቢያዎች ትይዩ፣ ባፍል የሚባለውን የፕላስቲክ ወይም የፎም መተላለፊያ በየወራጁ መካከል በስቴፕለር ይምቱ። ከጣሪያው ጣውላ በታች ቢያንስ አንድ ኢንች አየር የሚያልፍበት ክፍት መንገድ ይቀራል። ይህ ካልተደረገ ኢንሱሌሽኑ ማስገቢያውን ይደፍነዋል፣ አቲኩም መተንፈሻ ያጣል። ልክ የተጻፈባቸው የወረቀት ማስመሪያዎች በየቦታው በጆይስቱ ላይ ይምቱ፤ በ300 ስኩዌር ፊት አንድ ይበቃል። በመውጫው ዙሪያ ደግሞ ከዒላማው ውፍረት ከፍ ያለ የፕላይውድ አጥር ያቁሙ።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ታች ሆኖ ማሽኑን ይመግባል፣ አንዱ ላይ ቱቦውን ይይዛል። ከመውጫው ከሚርቀው ማዕዘን ጀምረው ወደ ኋላ እየመጡ ይጨርሱ፤ የነፉት ላይ ተመልሶ መርገጥ የለም።

አሁን ሰዎች የሚረሱት ቦታ፦ መውጫው። ተጎትቶ የሚወርድ መሰላል ያለው መውጫ አሥር ስኩዌር ፊት ገደማ ነው፣ ክዳኑም ስስ ፕላይውድ ስለሆነ አር-1 ያህል ብቻ ነው። 990 ስኩዌር ፊቱ አር-49 ሆኖ አሥሩ አር-1 ቢቀር፣ የመላው ኮርኒስ ትክክለኛ አማካይ አር-33 ይሆናል። ከመቶ አንድ እጅ የሆነ ቦታ የሥራውን ሲሶ በላ። በመሰላሉ ላይ የሚደፋ የፎም ሳጥን ይግዙ ወይም ከሁለት ኢንች ፎም ሰሌዳ ይሥሩ፤ በጠርዙ ዙሪያ የበር ላስቲክ ይለጥፉ።

ለባለሙያ ሲሰጥ

ዋጋ በሚጠየቅበት ጊዜ «12 ኢንች እንነፋለን» የሚል መልስ አይበቃም። የፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን ደንብ፣ የሚነፋ ኢንሱሌሽን የሚሠራ ድርጅት የሸፈነውን ስፋት፣ ውፍረቱን፣ አር ቫልዩውንና የከረጢቱን ብዛት በውሉ ወይም በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ይህን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ባዶ ከረጢቶቹንም እዚያው ይቁጠሩ። ቀዳዳ መድፈንና ባፍል መምታት በዋጋው ውስጥ መግባታቸው በጽሑፍ ይኑር።

ለቤት ኢንሱሌሽን ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለተሠራ ሥራ አያገለግልም። የኤሌክትሪክና የጋዝ ድርጅቶችና የክፍለ ግዛት ፕሮግራሞች ግን የራሳቸው ተመላሽ ሊኖራቸው ስለሚችል ሥራው ሳይጀመር ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ አስቀድሞ ምርመራ ይፈልጋሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ከ1976 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ዌዘራይዜሽን ፕሮግራም ይህን ሥራ በነፃ ሊያሠሩ ይችላሉ። ተከራይም በባለቤቱ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ ብዙ የእኛ ሰዎች ይህን ሳያውቁ በብርድ ይከርማሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ፣ የመጀመሪያው ብርቱ ብርድ ሲመጣ በማለዳ አቲኩን ከፍተው በባትሪ ጣሪያውን ይመልከቱ። ከጣውላው ብቅ ባሉት የሚስማር ጫፎች ላይ አመዳይ ካለ እርጥብ አየር አሁንም እየወጣ ነው። ከዚያ ቦታ በታች ያለውን ኢንሱሌሽን ገለጥ አድርገው ቀዳዳውን ፈልገው ይድፈኑ፣ መልሰው ያልብሱት።